የሰዓትዎን የጤና መረጃ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ማሰባሰብ፦ ከጋጀትብሪጅ እስከ ግራፋና

ስማርት ሰዓት ወይም የእጅ አምባር የሚያስር ሰው የልብ ምቱን፣ እርምጃውንና እንቅልፉን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በአምራቹ መተግበሪያ ነው። ልኬቱ ከእጅ አንጓ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል፤ ባለቤቱ የሚመለከተው ከዚያ ተመልሶ የመጣለትን ነው። ሁሉም ደኅና እስከሆነ ድረስ ምቹ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ጋርሚን በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲጠቃ ግን ተጠቃሚዎች በእጃቸው ያለውን ሰዓት ለቀናት ከመተግበሪያው ጋር ማመሳሰል አልቻሉም። ፔብል የተባለው ሰዓት አምራች በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ ንብረቱን ፊትቢት ገዛ፤ ሰርቨሮቹም በሰኔ 2018 ጠፉ። ፊትቢት ራሱ በጥር 2021 የጉግል ሆነ።

መረጃውን ወደ ራስ ኮምፒውተር ለማምጣት ሌላው ምክንያት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሺያኦሚ፣ ሌላው ጋርሚን፣ ሦስተኛው አፕል ዎች ቢያስር የሦስቱም መረጃ በየራሱ መተግበሪያ ተዘግቶ ይቀራል። ሰዓት የቀየረ ሰውም የአሮጌውን ዓመታት ትቶ ከዜሮ ይጀምራል።

አብዛኛው ሰው ሥራው ያማረ ግራፍ መሥራት ይመስለዋል። ግራፉ የመጨረሻውና ቀላሉ ነው። ከባዱ ሁለት ነገር ነው፦ መረጃውን ከሰዓቱ አውጥቶ በእጅ ማስገባት፣ ከዚያም ከተለያዩ መሣሪያዎች የመጡትን ቁጥሮች አንድ ትርጉም እንዲኖራቸው አድርጎ ማስቀመጥ። ስለዚህ በእነዚህ ሁለቱ ላይ እንቆያለን፤ የቀረውን ቶሎ ቶሎ እናልፋለን።

ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነገር የለም ወይ ለሚል፣ አለ። ኦፕን ዌረብልስ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ከጋርሚን፣ ከፖላር፣ ከሱንቶና ከአፕል የሚመጣን መረጃ በአንድ በር እንዲገባ ያደርጋል፤ በራስ ሰርቨር ላይም ይጫናል። ነገር ግን በዋናነት የታሰበው የጤና መተግበሪያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው፤ ከኩባንያዎቹ ጋር ለመገናኘትም የገንቢ ቁልፍ ከየድርጅቱ መጠየቅን ይፈልጋል። ሩጫና ብስክሌት ብቻ ለሚመዘግብ ኤንዱሬን ወይም ፊትትራኪ ይበቃል። ለአንድ ቤተሰብ የልብ ምት፣ እርምጃና እንቅልፍ ግን ከዚህ በታች ያለው መንገድ፣ ማለትም ጋጀትብሪጅ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ከሰዓቱ የሚቀበለውን በላፕቶፕ ላይ አከማችቶ ግራፋና በተባለው ሶፍትዌር በግራፍ ማየት፣ የተሻለ ሆኖ ይታየኛል፦ የኩባንያ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሌላው አብሮ አይወድቅም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የአንድሮይድ ስልክ፣ ጋጀትብሪጅ የሚያውቀው ሰዓት ወይም አምባር፣ የዋይፋይ ራውተር፣ አራት ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። በሊኑክስ ትእዛዝ መስጫ ላይ መጠነኛ ልምድና ትንሽ ፓይተን ማወቅ ይረዳል።

1. ሰርቨሩን ማዘጋጀት

ብዙ መመሪያዎች ራስበሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ግዙ ይላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ግን አሮጌ ላፕቶፕ ይመረጣል። የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ሥራውን አያቋርጥም፤ ራስበሪ ፓይ ደግሞ በጽሑፍ መሐል ኃይል ሲቋረጥበት የማስታወሻ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የላፕቶፑ ማያ ተሰንጥቆ ወይም ቁልፎቹ ወልቀው ቢሆን እንኳ ለዚህ ሥራ አይጎድልም።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር ይጫኑበት። በጭነቱ ወቅት ዲስኩን የማመስጠር ምርጫ ሲመጣ ይቀበሉት። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የይለፍ ሐረግ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ግን እምብዛም አይጠፋም፤ ቢሰረቅ ደግሞ የቤተሰቡ የጤና ታሪክ አብሮ አይሄድም።

ከዚያ ሦስት ነገር ያስተካክሉ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ በሲስተሙ የመግቢያ አስተዳደር ፋይል ውስጥ የክዳን መዝጊያውን ምላሽ «ችላ በል» ያድርጉት። ላፕቶፑ የሚፈቅድ ከሆነ የባትሪውን ሙሌት 80 በመቶ ላይ ይገድቡ፤ ዓመት ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር ባትሪ ማበጥ ይወዳል። በሦስተኛ ደረጃ ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የውስጥ አድራሻ እንዲሰጠው ያድርጉ። ሶፍትዌሮችን በየራሳቸው ክፍል ለይቶ የሚያሠራውን ዶከርን ከነኮምፖዙ ይጫኑ፤ ይኸው ነው።

2. ሰዓቱን ከአምራቹ መተግበሪያ መንጠቅ

ጋጀትብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ለፔብል ሰዓት የተጀመረ ነጻ የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው። ዛሬ የሺያኦሚ አምባሮችን፣ አማዝፊትን፣ ጋርሚንን፣ ፓይንታይምን፣ ባንግል ጄኤስንና ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችን ያውቃል። ዋነኛ ባሕርዩ የኢንተርኔት ፈቃድ ጨርሶ አለመጠየቁ ነው፤ መረጃውን ለማንም መላክ ቢፈልግ እንኳ አይችልም። የሚወርደው ኤፍ-ድሮይድ ከተባለው የነጻ መተግበሪያዎች ማውረጃ ነው።

ሰዓት ገና ያልገዛ ሰው በመጀመሪያ የጋጀትብሪጅን የመሣሪያ ዝርዝር ይመልከት። ከእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ተጽፏል። በዝርዝሩ ላይ የሌለ ርካሽ ሰዓት ገዝቶ በኋላ መፍትሔ መፈለግ አያዋጣም።

እንደ ሺያኦሚ ሚ ባንድ 2 እና 3 ያሉት የቆዩ አምባሮች በቀጥታ ይጣመራሉ። ከሚ ባንድ 4 እስከ 7 ያሉትና አዳዲሶቹ አማዝፊቶች ግን ቁልፍ ይጠይቃሉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ስለሆነ ዝርዝሩን በትዕግሥት ይከተሉ፦

በመጀመሪያ ሰዓቱን በአምራቹ መተግበሪያ ያጣምሩት። ለዚህ ብቻ የሚያገለግል አዲስ የኢሜይል አድራሻ ተጠቅመው መለያ መክፈት ይመረጣል። የሰዓቱን ውስጠ ሶፍትዌር ማዘመኛ ከቀረበ አሁኑኑ ያዘምኑት፤ በኋላ ይህን ዕድል በቀላሉ አያገኙም።

ቀጥሎ ሁዋሚ-ቶክን የተባለውን ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ያሂዱ። የመለያውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይቀበልና የሰዓቱን ቁልፍ ያወጣልዎታል። ቁልፉ 32 አሃዝና ፊደል የተቀላቀለበት ሐረግ ነው። ወረቀት ላይ ሳይሆን የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ያኑሩት፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሰዓቱ አይከፈትም።

ከዚያ የአምራቹን መተግበሪያ ከስልኩ ያጥፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። መተግበሪያው ውስጥ ገብቶ «መሣሪያውን አስወግድ» ማለት ቁልፉን ይሽራል፤ ሰዓቱን ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስም እንዲሁ። የሚደረገው በመተግበሪያው ውስጥ ያለውን ጥምረት ሳያፈርሱ መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ ማራገፍ ብቻ ነው። ከዚያ በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ የሰዓቱ ስም ካለ «እርሳ» ይበሉት።

በመጨረሻ ጋጀትብሪጅን ከፍተው አዲስ መሣሪያ ይፈልጉ፤ የሰዓቱ ስም ሲመጣ ተጭነው ይቆዩ፤ ቁልፉን የሚያስገቡበት ቦታ ይከፈታል። ከቁልፉ በፊት ዜሮና የእንግሊዝኛዋ ኤክስ መግባት እንዳለባቸው አይርሱ።

ከተገናኘ በኋላ በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ጋጀትብሪጅን ከባትሪ ቁጠባ ነጻ ያድርጉት። ይህን የዘለለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ መተግበሪያውን እየገደለበት ጠዋት የጎደለ ግራፍ ያገኛል። የልብ ምት በየስንት ደቂቃው እንደሚለካም በጋጀትብሪጅ ውስጥ ይምረጡ፤ በየደቂቃው መለካት የሰዓቱን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ በየአምስት ወይም በየአሥር ደቂቃው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። «የእንቅስቃሴ መረጃን በራስ ሰር አምጣ» የሚለውንም ያብሩ።

3. ፋይሉን ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ማሻገር

ጋጀትብሪጅ ሁሉንም የሚያስቀምጠው በአንድ የኤስኪዩላይት ፋይል፣ ማለትም ሙሉ የውሂብ ጎታ በሚይዝ አንድ ፋይል ነው። በቅንብሮቹ ውስጥ ራስ ሰር መላኪያ የሚል አለ፤ ያብሩት፣ አቃፊ ይምረጡለት፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚጽፍ ይወስኑ። ስድስት ሰዓት ጥሩ ልክ ነው።

አቃፊውን ወደ ላፕቶፑ የሚያመላልሰው ሲንክቲንግ የተባለው ፋይል ማመሳሰያ ሶፍትዌር ነው፤ በሁለቱም ላይ ይጫናል። በስልክ በኩል የቀድሞው መደበኛ የአንድሮይድ መተግበሪያ በ2024 መጨረሻ ልማቱ ስለቆመ ሲንክቲንግ-ፎርክ የሚባለውን ከኤፍ-ድሮይድ ይጫኑ። በስልኩ ላይ አቃፊውን «መላክ ብቻ»፣ በላፕቶፑ ላይ «መቀበል ብቻ» ያድርጉት። እንዲህ ከሆነ በላፕቶፑ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ወደ ስልኩ አይመለስም። በላፕቶፑ በኩል የፋይል ቅጂ ማቆያውን ደረጃ በደረጃ በሚያሳሳው ዘዴ ያብሩት፤ ስልኩ አንድ ቀን የተበላሸ ፋይል ቢልክ የትናንቱ ይገኛል።

ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ጥቅል ይሠራል። የካርድ ገንዘብ አይበላም።

4. ፋይሉ ውስጥ ያለውን ማየት

ወደ ግራፍ ከመሮጥዎ በፊት ፋይሉን ዲቢ ብራውዘር በተባለው የኤስኪዩላይት መመልከቻ ይክፈቱት። ብዙ ሠንጠረዦች ያያሉ፤ የሚፈለገው በስሙ ውስጥ የሰዓትዎ ዓይነትና «የእንቅስቃሴ ናሙና» የሚል ያለበት ነው። ለሚ ባንድ ዓይነቶቹ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ደቂቃ ነው፦ የጊዜ ማኅተም፣ የመሣሪያ ቁጥር፣ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የእንቅስቃሴ ብርታት፣ እርምጃ፣ የእንቅስቃሴ ዓይነት፣ የልብ ምት። በቀን 1,440 ረድፍ፣ በዓመት 525,600 ማለት ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ እንኳ ይህ ቀላል ሸክም ነው።

አንድ ረድፍ እንውሰድ። ጊዜው 1735689600፣ እርምጃው 0፣ የልብ ምቱ 255 ይላል። 255 የልብ ምት አይደለም፤ «በዚያ ደቂቃ አልተለካም» ለማለት የሚጻፍ ምልክት ነው። ሳያጣሩ አማካይ ያሰላ ሰው ተኝቶ ያደረ ልቡ እንደ ሯጭ ሲመታ ያያል። ከ30 በታችና ከ220 በላይ የሆነውን ሁሉ መጣል ቀላሉ ማጥሪያ ነው።

ጊዜው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ በግሪንዊች ሰዓት ጥር 1 ቀን 2025 እኩለ ሌሊት ላይ ይውላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ላለ ዘመዱ ግን ገና እ.ኤ.አ. የታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ምሽት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት።

አንዳንዶቹ ሠንጠረዦች በሰከንድ ሳይሆን በሺህኛ ሰከንድ ይጽፋሉ። አሥር አሃዝ ከሆነ ሰከንድ ነው፤ አሥራ ሦስት አሃዝ ከሆነ ለ1,000 ይካፈል። ይህን ሳይለዩ ያቀላቀሉ ሰዎች ግራፋቸው ከሃምሳ ሺህ ዓመት በኋላ ያለውን ዘመን ሲያሳያቸው ይደነግጣሉ።

5. አንድ ወጥ ሠንጠረዥ መሥራት

የሥራው እምብርት ይህ ነው። የጋጀትብሪጅን ፋይል እንዳለ ይተዉት፤ አይንኩት፣ አይጻፉበት። ከእሱ አጠገብ የራስዎን አዲስ የኤስኪዩላይት ፋይል ይፍጠሩ፤ ውስጡ አንድ ረጅም ሠንጠረዥ ይኑር። ዓምዶቹ ስድስት ናቸው፦ ጊዜ በግሪንዊች ሰከንድ፣ ሰው፣ መሣሪያ፣ የልኬት ዓይነት፣ ዋጋ፣ መለኪያ። የልብ ምት አንድ ረድፍ፣ በዚያው ደቂቃ ያለው እርምጃ ሌላ ረድፍ ይሆናል።

ለምን በአንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም? ነገ የደም ግፊት መለኪያ ወይም ሚዛን ሲጨምሩ ሠንጠረዡን ማፍረስ ስለሌለብዎት ነው። አዲስ የልኬት ዓይነት አዲስ ረድፍ ብቻ ነው።

ሰው፣ መሣሪያ፣ የልኬት ዓይነትና ጊዜ፣ አራቱ በአንድ ላይ የማይደገም ቁልፍ እንዲሆኑ ያድርጉ። ከዚያ ማስገቢያው ትእዛዝ «ካለ እለፈው» በሚለው ዓይነት ይጻፍ። ይህች አንዲት መስመር ብዙ ጣጣ ታስቀራለች። ጋጀትብሪጅ በየጊዜው የሚልከው ሙሉውን ታሪክ ነው እንጂ አዲሱን ብቻ አይደለም፤ ቁልፉ ከሌለ በየስድስት ሰዓቱ የዓመቱ እርምጃ እየተደረበ ይሄዳል። ቁልፉ ካለ ግን ያንኑ ፋይል መቶ ጊዜ ቢያስገቡት ውጤቱ አይለወጥም።

ይህን የሚሠራው ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ነው። የኤስኪዩላይት ማንበቢያው ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ፕሮግራሙ የመጣውን ፋይል ወደ ጊዜያዊ ቦታ ይቀዳል፣ ከቅጂው ያነባል፣ 255ን ይጥላል፣ ጊዜውን ያስተካክላል፣ ወደ ወጡ ሠንጠረዥ ያስገባል። መቅዳቱ ሲንክቲንግ በመሐል ፋይሉን ቢተካው ግማሹን አንብቦ እንዳይቀር ነው። በሰዓት አንድ ጊዜ እንዲሄድ ክሮን በተባለው የሊኑክስ የጊዜ መርሐ ግብር ያዝዙት።

አሁን የማዋሐዱ ጥያቄ ይመጣል። ስልኩም ሰዓቱም እርምጃ ይቆጥራሉ። ሁለቱን መደመር አይቻልም፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይሄዳል። አማካይ መውሰድም አይረዳም፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከዋለ ዜሮው የሰዓቱን ቁጥር ያወርደዋል። የሚሠራው ቅድሚያ መስጠት ነው፦ በእያንዳንዱ ሰዓት ውስጥ የእጅ ሰዓቱ መረጃ ካለ እሱን ይውሰዱ፣ ከሌለ ብቻ ስልኩን። ይህን ምርጫ በወጡ ሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን ከሱ ላይ በሚሠራ እይታ፣ ማለትም ውሂቡን ሳይነካ መርጦ በሚያሳይ የተቀመጠ ጥያቄ ውስጥ ያድርጉት። ጥሬው ሁሉ ይቀመጥ፤ ሐሳብዎን ቢለውጡ እይታውን መጻፍ ብቻ ነው።

ስለ ቀን ወሰንም እዚህ ይወሰን። የውሂብ ጎታው በግሪንዊች ቀን ከቆጠረ የአዲስ አበባ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ እንቅልፍ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ዋሽንግተን ላለ ሰው የባሰ ነው፤ በእነሱ የብርድ ወራት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ያደረገው የእግር ጉዞ ሁሉ ለነገ ይጻፍለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ ስለማይቀያየር በቀን ከመከፋፈልዎ በፊት በጊዜው ላይ 10,800 ሰከንድ ይደምሩ፣ ከዚያ ለ86,400 ያካፍሉ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ግን ሰዓቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘዋወር ቋሚ ቁጥር አይሠራላችሁም፤ ቀኑን በፓይተን የሰዓት ሰቅ መሣሪያ አስልታችሁ እንደ ተጨማሪ ዓምድ አስቀምጡት።

ምን ማዋሐድ እንደሌለብዎት መወሰንም የዚሁ ሥራ አካል ነው። የልብ ምትና እርምጃ ጥሬ ልኬት ስለሆኑ ይዋሐዳሉ። የተቃጠለ ካሎሪ፣ የጭንቀት ነጥብ፣ የእንቅልፍ ውጤት የሚባሉት ግን እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ቀመር የሚሠራቸው ናቸው፤ የጋርሚን ሰባና የአማዝፊት ሰባ አንድ አይደሉም። እኔ ጨርሶ አላስገባቸውም። የዕረፍት የልብ ምትም ኩባንያዎቹ በየፊናቸው የሚተረጉሙት ነገር ስለሆነ ከጥሬው ራስዎ ያስሉት፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያሉትን ልኬቶች መካከለኛ ዋጋ። ሰዓት ቢቀይሩም የትናንቱና የዛሬው በአንድ መስፈርት ይለካሉ።

የደም ኦክስጅን ቁጥር ከሆነ ሁለት ነገር ያስታውሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው እንኳ ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያይ ይችላል፤ ከባሕር ማዶ ሲመለሱ ግራፉ ቢወርድ ሰዓቱ ተበላሸ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳዩ እንደሚችሉ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2021 ስለ ኦክስጅን መለኪያዎች ትክክለኛነት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ይህንኑ ጠቅሷል። ስለዚህ ቁጥሩ በራሱ ሳይሆን ከራስዎ ከተለመደው ምን ያህል ራቀ የሚለው ይታይ።

6. አይፎን የያዘውን የቤተሰብ አባል መጨመር

ጋጀትብሪጅ በአይፎን ላይ የለም። አፕል ግን አንድ በር ትቷል። የጤና መተግበሪያውን ከፍተው የመገለጫ ምስሉን ሲነኩ ከታች «ሁሉንም የጤና መረጃ ላክ» የሚል አለ። የሚወጣው የታመቀ ፋይል ውስጥ አንድ ግዙፍ የኤክስኤምኤል ሰነድ ይገኛል፤ ለዓመታት ሰዓት ያሰረ ሰው ከሆነ ከጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል።

ይህን ሰነድ በጽሑፍ ማረሚያ ለመክፈት አይሞክሩ። በፓይተንም ሙሉውን በአንዴ ወደ ማስታወሻ መጫን አራት ጊጋባይቱን ላፕቶፕ ያንቀዋል። አንድ በአንድ እያነበበ ያነበበውን የሚጥለውን ዘዴ ይጠቀሙ። እያንዳንዱ መዝገብ ዓይነት፣ የምንጭ ስም፣ መጀመሪያና መጨረሻ ጊዜ፣ መለኪያና ዋጋ አለው። ጊዜው ከነሰዓት ሰቁ ስለሚጻፍ ወደ ግሪንዊች መመለስ ቀላል ነው። የምንጭ ስሙን አይጣሉት፤ አይፎኑና አፕል ዎቹ ለየብቻ የቆጠሩት እርምጃ የሚለየው በሱ ነው። እርምጃ እዚህ በደቂቃ ሳይሆን በጊዜ ክልል ስለሚመጣ በመጀመሪያው ጊዜ ላይ ማስቀመጥ ለሰዓታዊ ድምር በቂ ነው።

ይህ በእጅ የሚደረግ ሥራ ነው። በወር አንድ ጊዜ ከተደረገ ይበቃል፤ የማይደገመው ቁልፍ ስላለ የድሮው እንደገና ቢመጣም ግድ የለም።

የሌላ ሰው መረጃ ስለሆነ ግን ባለቤቱ ይወቅ፣ ይስማማም። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል። ባልና ሚስት መካከል አዋጅ ባይጠቀስም፣ አንዱ የሌላውን እንቅልፍ በየሌሊቱ መቁጠሩ ሁሉም የሚወደው ነገር አይደለም።

7. ግራፋና

ግራፋናን በዶከር ያስነሡ፤ የመጀመሪያው ማውረድ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሚወስድ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ ይሁን። የራሱ አቃፊ ባለቤትነት ለተጠቃሚ ቁጥር 472 ካልተሰጠ ሲነሣ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው የስሕተት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ወጡ ሠንጠረዥ ያለበትን አቃፊ ለንባብ ብቻ ያገናኙለት። ለዚህም የኤስኪዩላይቱን የጽሑፍ ሁነታ በነባሪው ይተዉት፤ ለውጦችን በተለየ ፋይል ወደሚመዘግበው «ዋል» ሁነታ ከተለወጠ ለንባብ ብቻ የተሰጠ አቃፊ ላይ ሊከፈት አይችልም።

ከተሰኪዎች ዝርዝር የኤስኪዩላይት የመረጃ ምንጭ የሚለውን ይጫኑና የፋይሉን መንገድ ይስጡት። በአሳሽ ላይ የላፕቶፑን አድራሻ ከወደብ 3000 ጋር ሲከፍቱ የመግቢያው ስምም የይለፍ ቃሉም «አድሚን» ነው፤ ወዲያው ይቀይሩት።

በሦስት ግራፍ ይጀምሩ፦ የዕለት እርምጃ በአሞሌ፣ የሌሊት የልብ ምት መካከለኛ ዋጋ በመስመር፣ ያለፉት ሃያ አራት ሰዓታት የልብ ምት። ለእንቅልፍ አይቸኩሉ፤ በጥሬው ፋይል ውስጥ ያለው የእንቅልፍ መረጃ በየመሣሪያው በተለያየ ምስጢራዊ ቁጥር ስለሚጻፍ ለብቻው የሚሠራ ጉዳይ ነው።

ማብራሪያ የሚባለውን የግራፋና መሣሪያ ግን ከመጀመሪያው ይጠቀሙበት። በግራፉ ላይ ቀን መርጦ አጭር ማስታወሻ ማኖር ነው። ዐቢይ ጾም የገባበት፣ ረመዳን የጀመረበት፣ ጉንፋን የያዘበት፣ መድኃኒት የተቀየረበት ቀን ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ መስመሩ ለምን እንደወጣና እንደወረደ የሚያስታውስ አይኖርም።

8. መቆለፍና ምትኬ

በራውተሩ ላይ ለግራፋና ወደብ ከፍተው ለዓለም አያጋልጡት። ብዙ የሞባይል ኢንተርኔት ተጠቃሚ የራሱ የሕዝብ አድራሻ ስለሌለው ቢሞክርም አይሳካለትም፤ ያለውም ቢሆን አያስፈልገውም። ከቤት ውጭ ማየት የግድ ከሆነ ቴልስኬይልን የመሰለ የግል መረብ በስልክና በላፕቶፕ ላይ ይጫኑ። የማስተባበሪያ ሰርቨሩ የኩባንያው መሆኑ የሚከነክነው ሰው ሄድስኬይልን በራሱ ማሠራት ይችላል፤ ለሱ ግን የሕዝብ አድራሻ ያለው ሰርቨር መከራየት ያስፈልጋል።

ለምትኬ ሬስቲክ የተባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ አመስጥሮ ያስቀምጣል፣ የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል። ሦስት ነገር ያስቀምጥልዎ፦ የጋጀትብሪጅን ፋይል፣ ወጡን ሠንጠረዥ፣ የግራፋናን አቃፊ። የሬስቲክ የይለፍ ቃል ከጠፋ ምትኬው የለም ማለት ስለሆነ የሰዓቱ ቁልፍ ባለበት ቦታ ያኑሩት። ውጫዊውን ዲስክ በሳምንት አንድ ቀን ሰክተው ይንቀሉት፤ ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይሰረቃል። አልፎ አልፎም ከምትኬው አንድ ፋይል መልሰው አውጥተው በዲቢ ብራውዘር ይክፈቱት፤ ያልተፈተነ ምትኬ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ስልክ ከፍቶ ግራፍ ማሳየት ብዙም አያስኬድም፤ ወረፋው ረጅም፣ የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነው። ነጻው ግራፋና በቀጥታ ፒዲኤፍ አያወጣም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ግራፍ ዝርዝር ውስጥ «መርምር» የሚለውን ሲጫኑ ቁጥሮቹን በሲኤስቪ ያወርዳል። ያለፉትን ሦስት ወራት የሌሊት የልብ ምት በሳምንት አማካይ ወደ አንድ ገጽ አሳጥረው ያትሙ፤ የመሣሪያውን ስም፣ የለካበትን ሰዓትና ማስታወሻ ያኖሩባቸውን ቀናት ከላይ ይጻፉበት። ሰዓቱ የሕክምና መሣሪያ አለመሆኑን ሐኪሙ ያውቃል፤ የትኛው ሰዓት መቼ እንደለካው ግን ካልነገሩት አያውቅም።